መብራት ቢሄድም የማይቋረጥ የሰርቨር አፕዴት

ከለገጣፎም ይሁን ከቱሉ ዲምቱ ሆኖ የሩቅ ሰርቨሮችን በስክሪፕት ለሚያስተዳድር ሰው ትልቁ አደጋ አፕዴቱ ተጋምሶ ሳለ መብራት መሄዱ ነው። ዋይፋዩ ሲጠፋ የኤስኤስኤች (የሩቅ ሰርቨርን በትእዛዝ ማሠሪያ) ግንኙነቱ ይበጠሳል፤ በእሱ ላይ የተጀመረው ትእዛዝም አብሮ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሥራው ሰርቨሩ ላይ ራሱን ችሎ ይሂድ፣ የእርስዎ ላፕቶፕ አስጀማሪ ብቻ ይሁን። አሠራሩ ለኡቡንቱ ነው።

በ«ኤስኤስኤች-ኪይጄን» የኢዲ25519 ዓይነት የመግቢያ ቁልፍ ፈጥረው ፐብሊክ ኪዩን (ለሰርቨር የሚሰጠውን ክፍል) በ«ኤስኤስኤች-ኮፒ-አይዲ» ወደየሰርቨሩ ይላኩ። በኤስኤስኤች ቅንብር «ባችሞድ»ን «የስ»፣ «ኮኔክትታይምአውት»ን 10 ያድርጉ፤ አለበለዚያ አንዱ ሰርቨር ፓስወርድ ሲጠይቅ ስክሪፕቱ እዚያው ቆሞ ያድራል።

በየሰርቨሩ አንድ አጭር ስክሪፕት ያስቀምጡ። መጀመሪያው ላይ አፕዴቱ ጥያቄ እየጠየቀ እንዳይቆም «ዴቢያን ፍሮንትኤንድ»ን «ኖንኢንተራክቲቭ» ይበሉ። ይህን ከላፕቶፕዎ ቢልኩት ሱዶ (ትእዛዝን በሩት፣ ማለትም በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሠራው) ስለሚጥለው ቦታው ስክሪፕቱ ውስጥ ነው። ከዚያ «አፕት-ጌት አፕዴት»፣ እሱ ከተሳካ ብቻ «አፕግሬድ»። አውቶማቲክ አፕዴቱ ሎኩን (ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ፓኬጅ እንዳይጭኑ የሚከለክለውን መቆለፊያ) ይዞት ሊሆን ስለሚችል ለአፕግሬዱ የሎክ ታይምአውት 300 ሰከንድ ይስጡ። ያለ ፓስወርድ ሱዶ የሚፈቀደው ስክሪፕቱን ለሚያስጀምረው ትእዛዝ ብቻ ይሁን፤ ስክሪፕቱንም ከሩት በቀር ማንም እንዳይቀይረው ይዝጉት።

ላፕቶፑ ላይ የሰርቨሮቹን ስም በየመስመሩ ፋይል ውስጥ ጽፈው በ«ዋይል ሪድ» ሉፕ (መስመሮቹን አንድ በአንድ በሚያነብ ዙር) ያዙሩ፤ ለእያንዳንዱም ስክሪፕቱን ሥራውን ከግንኙነቱ ነጥሎ ሰርቨሩ ላይ በሚያስኬደው በ«ሲስተምዲ-ራን» ያስነሱ። ሉፑ የመጀመሪያውን ሰርቨር ብቻ ነክቶ ያለ ምንም ስህተት ካቆመ፣ የቀረውን ዝርዝር ኤስኤስኤች እንደ ግብዓት ውጦታል ማለት ነው፤ «ሰረዝ ኤን» ይጨምሩለት። ኤስኤስኤች ሲጨርስ የሚመልሰው ኮድ 255 ከሆነ ግንኙነቱ አልተሳካም። 0 ግን መጀመሩን እንጂ መጨረሱን አይነግርም፤ ውጤቱን በኋላ የሰርቨሩን መዝገብ በሚያሳየው በ«ጆርናልሲቲኤል» ያንብቡ። «ሪቡት-ሪኳየርድ» የሚባል ፋይል ከተገኘም ሰርቨሮቹን አንድ በአንድ ዳግም ያስነሱ (ሪቡት ያድርጉ)፣ በአንዴ አይሁን።

ሰርቨሩ ራሱ ያለው ሰበታ ወይም ገላን፣ እንደ እርስዎ መብራት በሚሄድበት ቢሮ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) የግድ ነው። አፕዴቱ ተቋርጦ ከተገኘ «ዲፒኬጂ ኮንፊገር ኤ» የተጀመረውን ይጨርሰዋል።

በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስጀምረው) ሲያዙት ሰዓቱን ያስተውሉ። ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በአዲስ አበባ የሰዓት ክልል 2 ተብሎ ይጻፋል። ሰርቨሩ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ላይ ከሆነ 3 ሰዓት ወደኋላ ስለሚሄድ 23 ይሆናል፤ ቀኑም ቅዳሜ ነው።