ሥራ ሳይለቁ መልካም አስተዳደርና ሰብዓዊ መብት እንዴት መማር ይቻላል?

ቀበሌ፣ ፍርድ ቤት ወይም ትምህርት ቤት የሚሠራ ሰው ለዚህ ትምህርት ከማንም የተሻለ ቅርብ ነው። «ነገ ተመለሱ» ሲባል ባለጉዳዩ ምን እንደሚሆን በዓይኑ ያያል። ችግሩ ጊዜና ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከዚያ ይጀምሩ።

መጀመሪያ የትምህርቱን ዓይነት ይለዩ። መደበኛው ለሠራተኛ አይመችም። የማታ፣ የቅዳሜና እሁድ፣ የክረምት ወይም የርቀት እንዳለ ሬጅስትራሩን ደውለው ይጠይቁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል አለው። ግን ለሰሜን ሸዋ ሰው ሩቅ ነው፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከመሐል ሜዳ የሚነሳማ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ራሱ መንገድ አለበት። ብዙ ሰው የትምህርቱን ክፍያ ብቻ አስቦ ይመዘገባል፤ ኪስ የሚያራቁተው ግን ትራንስፖርትና ማደሪያው ነው። የግል ኮሌጅ ከሆነ ፕሮግራሙ በዚያው ካምፓስ ዕውቅና እንዳለው ያጣሩ። ለሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ሚኒስቴር የመግቢያ ፈተና አለ፤ ለእሱም ቀደም ብለው ይዘጋጁ።

ቀጥሎ አለቃዎን በደብዳቤ ያስፈቅዱ። የቃል ፈቃድ አለቃ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ከመመዝገብዎ በፊት ደግሞ ሕገ መንግሥቱን ያንብቡ። 1987 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሰነድ 106 አንቀጾች አሉት፤ ለእርስዎ ግን ምዕራፍ ሦስት፣ ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያለው፣ ይበቃል። አንቀጽ 12ን ይጨምሩበት፤ ስለ መንግሥት አሠራር ግልጽነትና ተጠያቂነት የሚናገረው እሱ ነው። አንቀጽ 13 መብቶቹ ከዓለም አቀፍ ሰነዶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ስለሚያዝ፣ 30 አንቀጾች ያሉትን የ1948ቱን (እ.ኤ.አ.) ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም አጠገቡ ያድርጉ። ክፍል ውስጥ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የፌዴራል ሕጎች የሚወጡበት ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ያትማል። እንግሊዝኛውን ሸፍነው አማርኛውን ለመተርጎም ይሞክሩ፤ ከዚያ ያመሳክሩት። ከመዝገበ ቃላት ይሻላል።

የጥናት ርዕስ ሲመርጡ ሩቅ አይሂዱ። «መልካም አስተዳደር በኢትዮጵያ» የሚል ርዕስ ማለቂያ የለውም፤ አማካሪዎም ይመልሰዋል። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ያዛል። እርስዎ ባሉበት ወረዳ ይህ ይሠራል? ጠያቂው ማመልከቻ ይጽፋል ወይስ ሰው ፍለጋ ይሄዳል? ይህ አንድ ሠራተኛ በትርፍ ጊዜው የሚዘልቀው ጥናት ነው። ደብረ ብርሃን ያሉ ተፈናቃዮችን ማጥናት የሚፈልግ ደግሞ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀውን፣ በአገር ውስጥ ስለተፈናቀሉ ሰዎች የሚደነግገውን የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት አስቀድሞ ያንብብ። ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉ ግን ስም አይጻፉ፤ ፎቶም አያንሱ። የተጎዳን ሰው ለማርክ ብሎ ደጋግሞ ቁስሉን መነካካት ነውር ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ በሥራ ምክንያት እጅዎ የገባ ፋይል የጥናትዎ መረጃ አይደለም። ባለጉዳዩ ለዚያ አልሰጠዎትም። ከፈለጉት ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ አጽፈው፣ እንደ ማንኛውም የውጭ ሰው መዝገብ ቤት ያስገቡና ቁጥር ያስይዙ። ምላሹ ስንት ቀን እንደፈጀም ይመዝግቡ፤ ጥናትዎ ውስጥ ይገባል።