ከልጆች ጋር ቦስተን ሳይንስ ሙዚየም ስትሄዱ፦ መብረቁንና ከዋክብቱን እንዴት እንደምታዩ

ቦስተን ወይም ካምብሪጅ የምትኖሩ፣ ዘመድ ጥየቃ የመጣችሁም ብትሆኑ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ሳይንስ ሙዚየም ለመሄድ ካሰባችሁ ቀኑን በሁለት ነገር ዙሪያ አቅዱት፦ በመብረቁ ትዕይንትና በፕላኔታሪየሙ (ሰማዩና ከዋክብቱ ጉልላት ላይ በሚታዩበት አዳራሽ)። ሌላው እንደተመቻችሁ ይታያል።

ከቤት ሳትወጡ የሁለቱንም ሰዓት ከሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ እዩ። መብረቁ በመግቢያ ትኬቱ ይታያል፤ ለፕላኔታሪየሙ ለብቻው ይከፈላል። ለቤተሰብ ሲሆን ዋጋው ቀላል ስላልሆነ መጀመሪያ የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ብዙዎቹ የቅናሽ ማለፊያ አላቸው። በባቡር ከሆነ በአረንጓዴው መስመር ሄዳችሁ ሳይንስ ፓርክ ውረዱ።

ከገባችሁ በኋላ ቅድሚያ ለመብረቁ ስጡ። በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የተቀመጡ ሁለት ግዙፍ የብረት ኳሶች ታያላችሁ። የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ቫን ደ ግራፍ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው ጀነሬተር ነው፤ መብረቁን የሚፈጥረው እሱ ነው። ድምፁ ኃይለኛ ስለሆነ የትንንሾቹን ጆሮ ሸፈን አድርጉላቸው። አቅራቢው የብረት ቀፎ ውስጥ ይገባል፤ መብረቁ ቀፎውን ደጋግሞ ይመታዋል፤ ሰውየው ግን ምንም አይሆንም። እዚህ ላይ ልጆቹን “ለምን አልነካውም?” ብላችሁ ጠይቋቸው። ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በብረቱ የውጭ ገጽ ላይ ነው። በነጎድጓድ ጊዜ መኪና ውስጥ መሆን የሚያድነንም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጎማው አይደለም። አገር ቤት በክረምት ዛፍ ሥር መጠለል ሰው እንደሚያስገድልም አብራችሁ ንገሯቸው። ይህን በቃል ከመስማት አይቶ መረዳት በጣም ይለያል።

ርቀት መለካትም አስተምሯቸው። ብልጭታው ከታየ ጀምሮ ድምፁ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩና ለ3 አካፍሉ። የመብረቁን ርቀት በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ።

ምሳ በልታችሁ ወደ ፕላኔታሪየሙ ሂዱ። ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ከኋላ፣ መሀል አካባቢ ተቀመጡ። ጉልላቱ ሙሉ በሙሉ የሚታየው ከዚያ ነው። ጨለማ የሚፈራ ልጅ ካለ ግን በሩ አጠገብ ይሻላል። ከፊልሞቹ ይልቅ ባለሙያ ቆሞ የምሽቱን ሰማይ የሚያስረዳበትን ትዕይንት ምረጡ፤ ልጆች መጠየቅ የሚችሉት እዚያ ነው። ስለ ሰሜን ኮከብ ይጠይቁ።

በዚያው ማታ ሰማዩ ጥርት ካለ ውጡና ኮከቡን ፈልጉት። ጭልፋ የሚመስሉትን ሰባት ከዋክብት አግኙ፤ ከጭልፋው አፍ ጫፍ ያሉት ሁለቱ ወደ ሰሜን ኮከብ ይጠቁማሉ። ከዚያ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ በጭብጣችሁ ከአድማስ ጀምሩና ለኩ። አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ኮከቡ ወደ ሰሜን በሄዳችሁ ቁጥር ከፍ ብሎ ስለሚታይ፣ ቦስተን ላይ ከአራት ጭብጥ ትንሽ ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ጭብጥ እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ላይ እንጦጦ በሰሜን በኩል ይጋርደዋል። ለእረፍት አገር ቤት ስትሄዱ ልጆቹ ራሳቸው እንዲለኩት እንጦጦ አናት ላይ ውጡ።