የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተማሪዎችን ውጤት ለማሻሻል የረጅም ጊዜ ግብ የሚያወጣበት መንገድ

ይህ ጽሑፍ የወረዳቸውን የአምስት ወይም የአሥር ዓመት የትምህርት ዕቅድ ለሚያዘጋጁ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የዕቅድ ባለሙያዎች፣ ሱፐርቫይዘሮችና ርእሳነ መምህራን የቀረበ የአሠራር መመሪያ ነው። በወረዳዎቻችን የዕቅድ ሰነድ እጥረት ኖሮ አያውቅም። የሚጎድለው፣ የዕቅዱ ዘመን ሲያበቃ «ደርሰንበታል» ወይም «አልደረስንበትም» ብሎ ያለማንገራገር ለመናገር የሚያስችል፣ ተማሪው ሊሠራው በሚችለው ነገር የተጻፈ ግብ ነው። እንዲህ ያለ ግብ ለማውጣት ደግሞ አብዛኞቹ ዕቅዶች ከሚጀምሩበት ከ12ኛ ክፍል ሳይሆን ከአንደኛ ክፍል መነሣት ያስፈልጋል።

የ12ኛ ክፍል ውጤት የሁሉንም ዓይን መሳቡ አያስገርምም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 መጠኑ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። እነዚህን ቁጥሮች በዕቅድ ሰነድ ላይ እንደ መነሻ ከመገልበጥ በፊት ሁለት ነገሮችን ማጤን ይገባል። በመጀመሪያ፣ ኩረጃና የፈተና መውጣት ተስፋፍቶ በነበረበት ጊዜ የተመዘገበን ውጤት ከ2014 ወዲህ ካለው ጋር በአንድ ሠንጠረዥ አሰልፎ «ውጤቱ አሽቆለቆለ» ማለት አይቻልም፤ መለኪያው ራሱ ተለውጧልና። በሁለተኛ ደረጃ፣ በ2017 ያለፉት 48,929 ሲሆኑ የተፈተኑት ግን 585,882 ናቸው። የማለፍ መጠኑ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ዕጥፍ ተኩል ሲሆን ያለፉት ተማሪዎች ቁጥር ሁለት ዕጥፍ እንኳ አልሞላም፤ ልዩነቱን የፈጠረው የተፈታኙ ቁጥር ማነሱ ነው። ይህ በአገር ደረጃ የሚታይ ነገር በአንድ ወረዳ ውስጥ ይበልጥ ይጎላል፤ ምክንያቱም በትንሽ ትምህርት ቤት ሃያ ደካማ ተማሪዎችን 11ኛ ክፍል ላይ ማስቀረት ብቻውን መቶኛውን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ግብ ከማውጣት በፊት አንድ ቀላል ስሌት በወረቀት ላይ መሥራት ብዙ ክርክር ያስቀራል። በ2018 መስከረም አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሳይደግም ከተጓዘ በ2020 ሦስተኛ፣ በ2023 ስድስተኛ፣ በ2025 ስምንተኛ፣ በ2029 ደግሞ 12ኛ ክፍልን ያጠናቅቃል። እንግዲህ ከ2018 እስከ 2022 የሚዘልቅ የአምስት ዓመት ዕቅድ በ12ኛ ክፍል የማለፍ መጠን ላይ ትልቅ ቃል ከገባ፣ ቃሉን የሚፈጽሙለት ዕቅዱ ሲጀምር ስምንተኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ናቸው ማለት ነው። እነዚህ ልጆች የንባብና የሒሳብ መሠረታቸው ላልቶ ከመጡ፣ በቅዳሜና እሑድ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚገኘው ለውጥ የተወሰነ ነው። ማጠናከሪያው ይቅር ማለት አይደለም፤ ለእነርሱ ሌላ ዕድል የለምና መሰጠት አለበት። ነገር ግን የወረዳው የረጅም ጊዜ ግብ የሚታሰረው ወረዳው ከመነሻው ጀምሮ ሊከታተላቸው በሚችላቸው ልጆች ላይ መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ ሦስት ማረፊያዎችን እንዲያስቀምጡ እመክራለሁ፦ የሦስተኛ ክፍል መጨረሻ፣ የስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናና የስምንተኛ ክፍል ፈተና። የ12ኛው ውጤት የእነዚህ ተከታይ ነው።

መነሻውን መለካት

ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ብሎ መቆየት ያስፈልጋል። የወረዳው መዝገብ ላይ ያለው የክፍል አማካይ ውጤት መነሻ ሊሆን አይችልም፤ ፈተናውን የሚያወጣውም፣ የሚያርመውም፣ በውጤቱ የሚገመገመውም ያው የክፍሉ መምህር ነውና። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ የተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ካሳየው ነገር አንዱ፣ ሁለተኛ ክፍልን ያጠናቀቁ በርካታ ልጆች አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ የማይችሉ መሆናቸው ነበር፤ እነዚሁ ልጆች ግን በሮስተር (በትምህርት ቤቱ የውጤት ማጠቃለያ) ላይ ወደ ሦስተኛ ክፍል ተዛውረዋል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለማየት አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ አጠገብ መቀመጥ ይበቃል። የመማሪያ መጽሐፉን ገልጦ የታወቀውን ምንባብ ከላይ እስከ ታች ያለ እንከን ይወጣዋል። ከገጹ መካከል አንዲት ቃል ላይ ጣት አሳርፈው «ይቺን አንብባት» ሲሉት ግን ዝም ይላል፤ ወይም ወደ መጀመሪያው መስመር ይመለስና በከንፈሩ እያነበነበ እስከዚያች ቃል ድረስ ወርዶ ይነግርዎታል። ልጁ ምንባቡን በቃሉ ይዞታል እንጂ ፊደሉን አላነበበውም። ምዘናው ይህን መለየት ካልቻለ መነሻ አይሆንም።

አሠራሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ልጆቹ ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁት፣ ለክፍላቸው የሚመጥን አጭር ምንባብ ትምህርቱ በሚሰጥበት ቋንቋ ይዘጋጃል። በአማራ ክልል ውስጥ ለምሳሌ ይህ ቋንቋ እንደየአካባቢው አማርኛ፣ አዊኛ፣ ኽምጣንኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የተተረጎመ ምንባብ እኩል ክብደት ስለማይኖረው በየቋንቋው ተማሪዎቹን በሚያውቁ መምህራን መጻፍ አለበት። ከየትምህርት ቤቱ ሃያ ያህል ልጆች ከስም መቆጣጠሪያው ላይ በዕጣ ይመረጣሉ፤ መምህሩ «እገሌን ውሰዱ» ብሎ እንዲመርጥ መፍቀድ ምዘናውን ከንቱ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ለአንድ ደቂቃ ያነብባል፣ በትክክል ያነበባቸው ቃላት ይቆጠራሉ፣ ከዚያም ምንባቡን ጨርሶ ስለ ይዘቱ አምስት ጥያቄ ይጠየቃል። መዛኙ የራሱ መምህር ሳይሆን በጉድኝት ማዕከሉ (በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች በሚደራጁበት ስብስብ) ውስጥ ካለ ሌላ ትምህርት ቤት የመጣ መምህር ይሆናል። አንዲትም ቃል ያላነበቡት ልጆች ከአማካዩ ውስጥ እንዳይሰወሩ ለብቻቸው ይመዘገባሉ፤ ወረዳው በጥንቃቄ ሊከታተለው የሚገባው ቁጥር በእኔ ግምት ይህ ነው። ተመሳሳይ ክብደት ያላቸው በርከት ያሉ ምንባቦች በአንድ ጊዜ ተዘጋጅተው በቁልፍ ቢቀመጡ በየዓመቱ አዲስ ለማውጣት ጊዜ አይባከንም። ለሒሳብም ቁጥር መለየትን፣ መደመርንና መቀነስን የሚጠይቅ አንድ ገጽ በቂ ነው።

ግቡን መጻፍ

«የትምህርት ጥራትን ማረጋገጥ» መፈክር ነው፤ «ለ150 መምህራን ሥልጠና መስጠት» ደግሞ ተግባር ነው። ግብ የምንለው ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚችል የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «በ2018 በወረዳው አንደኛ ክፍል ከተመዘገቡት ልጆች ውስጥ 60 በመቶ የሚሆኑት በ2020 ግንቦት ላይ አዲስ አጭር ምንባብ አንብበው ከአምስት ጥያቄዎች አራቱን ይመልሳሉ፤ አንዲት ቃል ማንበብ የማይችሉት ከመቶ ከአምስት አይበልጡም።» በዚህ አጻጻፍ ውስጥ «ከተመዘገቡት» የሚለው ቃል ከባዱን ሸክም ይሸከማል። መቶኛው የሚሰላው በፈተናው ቀን ከተገኙት ሳይሆን መጀመሪያ ከተመዘገቡት ከሆነ፣ ያቋረጡትም የደገሙትም ልጆች ከሒሳቡ አይወጡም፤ በመልቀቂያ ወደ ሌላ ቦታ የተዛወሩት ብቻ ይቀነሳሉ። የሴቶችና የወንዶች ቁጥር፣ እንዲሁም የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ቁጥር ለየብቻ ይቀመጣል።

60 በመቶ የሚለው ቁጥር እዚህ ላይ ለማሳያ የተወሰደ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ከላይ በሚወርድ ኮታ ወይም ከዓለም አቀፍ ሰነድ ከመውሰድ ይልቅ፣ በራሱ በወረዳው ውስጥ ተመሳሳይ መምህርና ተመሳሳይ በጀት ይዘው የተሻለ ውጤት ያላቸውን ትምህርት ቤቶች መመልከት ይሻላል። በመነሻ ምዘናው ከትምህርት ቤቶቹ ምርጥ ሩብ የሆኑት 45 በመቶ ላይ ካሉና የወረዳው አማካይ 25 ከሆነ፣ አማካዩን በሦስት ዓመት ወደ 45 ማድረስ ከባድ ግን የሚቻል ግብ ነው። ማንም ርእሰ መምህር «በእኛ ሁኔታ አይሆንም» ሊል አይችልም፤ ጎረቤቱ ያደረገው ነገር ነውና።

ወደ ግቡ የሚያደርሱ እርምጃዎች

የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም ሥራውን መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታ፣ አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ በሚሉ አራት መስኮች ይከፍለዋል፤ የወረዳው ዕቅድም በዚሁ ቅርጽ መቅረቡ የተለመደ ነው። ቅርጹን መለወጥ አያስፈልግም። ነገር ግን ከወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚሄድ፣ ገንዘብ ሳይጨምሩ መሥራት የሚቻለውን አስቀድሞ መለየት ብልኅነት ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው የመምህር ምደባ ነው። ጠንካራው መምህር ወደ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል፣ አዲስ የመጣው ወይም «ሌላ ክፍል አይሆንለትም» የተባለው ወደ አንደኛ ክፍል የሚመደብበት ልማድ በብዙ ቦታ አለ። በሰልፍ ኮንቴንድ ክፍል፣ ማለትም አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት በሚያስተምርበት ክፍል፣ ልጁን ቀኑን ሙሉ የሚይዘው ያው መምህር በመሆኑ፣ ይህን ምደባ መገልበጥ ብቻውን የሦስተኛ ክፍልን ቁጥር ያንቀሳቅሳል። ለአንደኛ ክፍል የሚመደበውን መምህር ከልጆቹ ጋር እስከ ሦስተኛ ክፍል ማሳደግም የሚበረታታ ነው፤ ልጆቹ ማንበብ ካልቻሉ የሚወቀስ ሌላ መምህር አይኖርምና።

ቀጥሎ ጊዜ አለ። በዓመቱ ካሌንደር የተጻፈው የትምህርት ቀንና ልጆቹ በርግጥ የተማሩበት ቀን እኩል አይደሉም፤ የገበያ ቀን፣ የአጨዳ ወቅት፣ የመምህራን ስብሰባ በሥራ ሰዓት መጠራቱና የጠዋቱ ሰልፍ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ መብላቱ ተደምረው ብዙ ሳምንታት ይወስዳሉ። ጽሕፈት ቤቱ በሌሎች ላይ ከመፍረዱ በፊት ራሱ መምህራንን በትምህርት ሰዓት የጠራባቸውን ቀናት ቢቆጥር መልካም ነው። የአጨዳውን ነገር ግን በደብዳቤ ማስቆም አይቻልም፤ ከወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ ጋር ተነጋግሮ ፈረቃውን ወይም የዕረፍት ጊዜውን ከአካባቢው የእርሻ ወቅት ጋር ማስማማት ይቻላል።

ሱፐርቪዥንም መልኩን መለወጥ ይኖርበታል። ሱፐርቫይዘሩ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ሰነድ መርምሮ፣ ቼክሊስት ሞልቶ ከሚመለስ ይልቅ በእያንዳንዱ ጉብኝት ከሦስተኛ ክፍል አምስት ልጆችን ቢያስነብብ ስለ ትምህርት ቤቱ የበለጠ ያውቃል። ያየውንም ከመውጣቱ በፊት ለመምህሩ ይንገር።

ትምህርት በጸጥታ ችግር ለተቋረጠባቸው ወረዳዎች ይህ ሁሉ በአንድ ማስተካከያ ይሠራል፦ በአንድ ክፍል ውስጥ የተለያየ ዕድሜና የተለያየ ችሎታ ያላቸው ልጆች ስለሚኖሩ ልጆቹን በክፍል ደረጃቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው መድቦ በቀን የተወሰነ ሰዓት ማስተማር፣ የመነሻ ምዘናውንም ትምህርት ቤቱ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማካሄድ ይገባል።

በየዓመቱ መከታተልና ማስረከብ

ሐቀኛ ምዘና ሲጀመር የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ቀድሞ በሪፖርት ይወጣ ከነበረው በጣም ዝቅ ብሎ ይታያል። ይህን የወረዳው ምክር ቤትና የዞኑ ትምህርት መምሪያ ምዘናው ከመካሄዱ በፊት በጽሑፍ ሊያውቁት ይገባል፤ ካልሆነ የመጀመሪያውን እውነተኛ ቁጥር ያቀረበው ኃላፊ በግምገማ ተወቅሶ፣ በሁለተኛው ዓመት ቁጥሩ ተመልሶ «ያምራል»። በዚሁ ምክንያት የትምህርት ቤቶችን ውጤት በደረጃ ከመደርደር ይልቅ እያንዳንዱን ከራሱ ያለፈ ዓመት ጋር ማወዳደር ይመረጣል።

የምዘናው ጊዜም ከበጀት ዓመቱ ጋር መናበብ አለበት። የወረዳው በጀት ሐምሌ ላይ ጸድቆ ካበቃ በኋላ በነሐሴ የሚቀርብ ውጤት ገንዘብ አያገኝም። ስለዚህ ምዘናው በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት ተካሂዶ፣ ውጤቱ በሁለት ገጽ ተጠቃሎ ከበጀት ጥያቄው ጋር አብሮ መግባት ይኖርበታል።

በመጨረሻም፣ የወረዳ ኃላፊዎች ከዕቅዱ ዘመን ቀድመው እንደሚለወጡ ታሳቢ ተደርጎ ይሠራ። የ2018 ተመዝጋቢዎች የስም ዝርዝር፣ የመነሻ ምዘናው ውጤትና ያልተከፈቱት ምንባቦች በሁለት ቅጂ፣ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ፣ ሌላው በጉድኝት ማዕከሉ ይቀመጡ፤ ኃላፊ ሲቀየርም ከተሽከርካሪና ከማኅተም ጋር በርክክብ ሰነዱ ላይ በስም ተጠቅሰው በፊርማ ይተላለፉ።