ቤዝቦል ሊያዩ ነው? ጓንት እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚያዝ

የቤዝቦል ኳስ በቴሌቪዥን ስትታይ ለስላሳ ትመስላለች። እጅ ላይ ስትገባ ነው ጉዱ። መሃሏ ቡሽና ጎማ ነው። በዚያ ላይ ክር ጥብቅ ተደርጎ ይጠመጠማል። ላይዋን ደግሞ በ108 ድርብ ስፌት የተያያዘ ቆዳ ይሸፍናታል። ክብደቷ ከ142 እስከ 149 ግራም ብቻ ነው። ግን ከዱላው ላይ ተፈናጥራ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ልትበር ትችላለች። በሰከንድ 44 ሜትር ገደማ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት 30 ሜትር ርቀው ከተቀመጡ፣ «መጣች!» ብለው ሳይጨርሱ ደርሳለች።

አሜሪካ ውስጥ የሜጀር ሊግ (የከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) 30ዎቹም ቡድኖች ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ተመልካቹን ከኳስ የሚጠብቀውን መረባቸውን ቢያንስ የተጫዋቾች መቀመጫ እስከሚያበቃበት ድረስ ዘርግተዋል። ጃፓን፣ ቶኪዮ ዶም ስታዲየም ውስጥ ደግሞ ለሜዳው እጅግ ቅርብ የሆኑት መቀመጫዎች ላይ ለሚቀመጥ ተመልካች የራስ ቁርና ጓንት ይቀርብለታል። ከመረቡ ውጭ ከተቀመጡና የሚሰጥዎት ከሌለ ግን የራስዎን ይዘው መሄድ ነው።

አዋቂ ሰው ጓንት ይዞ ስታዲየም ሲገባ የሚስቁ አሉ። ይሳቁ፤ የሚሰበረው የእነሱ ጣት አይደለም። ድሮ ተጫዋቾቹም ይሳቅባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1875 ቻርሊ ዌይት የተባለ ተጫዋች የሰው ቆዳ የሚመስል ቀለም ያለው ጓንት ያደረገው ሰው እንዳያይበት ነው ይባላል።

አመራረጥ

መጀመሪያ እጅዎን ይለዩ። ጓንት የሚደረገው በማይወረውሩበት እጅ ነው። ቀኝ እጅዎን የሚጠቀሙ ከሆነ ጓንቱ ለግራ እጅ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ጓንቱ ላይ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የሚወረውሩበት እጅ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን አይመኑ፤ አጥልቀው ይሞክሩት።

መጠኑ በኢንች ይለካል። ለአዋቂ ተመልካች 12 ኢንች ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ የሆነው ጥሩ ነው። ይህ ከሜዳው ጀርባ የሚጫወቱት የሚያደርጉት ዓይነት ነው፤ ረጅም ስለሆነ ትንሽ ቢስቱ እንኳ ይቅር ይላል። ለልጅ አነስ ያለና ቀላል ይግዙ። ትልቅ ጓንት ለልጅ እጅ ሸክም ነው፤ በሰዓቱ አይነሳለትም።

ከዱላ መቺው ጀርባ የሚቀመጠው ያዥ የሚያደርገውን ወፍራም ጓንት አይተው ይጎመጁ ይሆናል። ሙሌቱ ከሁሉም ይበልጣል፣ እውነት ነው። ግን ጠንካራና ከባድ ነው፤ ላልለመደ ሰው አይታጠፍም። እኔ አልመክረውም። መቺዎች የሚያደርጉት ስስ ጓንትም አይሆንም፤ እሱ ዱላው እንዳያንሸራትት እንጂ ኳስ ለመያዝ አልተሠራም። የብርድ ጓንት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ።

ሲሞክሩት መዳፉን በአውራ ጣትዎ ጫን ጫን ያድርጉት። የጣቶችዎ ሥር በሚያርፍበት ቦታ ላይ ሙሌቱ መሰማት አለበት። ከሳሳብዎ ከውስጥ የሚገባ ተጨማሪ የመዳፍ ትራስ አለ። ብዙ ጓንቶች ጀርባቸው ላይ ቀዳዳ አላቸው፤ ተጫዋቾች ሌባ ጣታቸውን በዚያ ያወጡታል። ኳሷ ስታርፍ በጣቱና በእሷ መካከል አንድ ድርብ ቆዳ ይጨምራል፤ ሕመሙም ይቀንሳል።

ማለስለስ

አዲስ የቆዳ ጓንት እንደ ጣውላ ነው። ኳሷ ትገባና ነጥራ ትወጣለች። ስለዚህ ከጨዋታው ቀን በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ይስጡት። ለጓንት የተዘጋጀውን ቅባት በጨርቅ ትንሽ ነክተው፣ በተለይ መታጠፊያዎቹንና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ኪስ ይቀቡት። ትንሽ ያልኩት አውቄ ነው፤ ቅባት የበዛበት ቆዳ ይከብዳል። አንድ ቀን አሳድረው ይጥረጉት። ከዚያ ኪሱ ውስጥ ኳስ አስቀምጠው ጓንቱን ዘግተው በገመድ ወይም በላስቲክ ይሰሩትና ሌሊቱን ይተዉት።

ዋናው ማለስለሻ ግን ኳስ መቀባበል ነው። ከሰው ጋር ቀስ ብለው ይጀምሩ። ጓንቱ ብቻ ሳይሆን እርስዎም ይለሰልሳሉ። ምድጃ ወይም ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚከቱ፣ ውሃ ውስጥ የሚነክሩ አሉ። ቆዳውንም ክሩንም ያበላሹታል።

ስታዲየም ውስጥ

ወርዋሪው ክንዱን ሲያነሳ ስልክዎን ያስቀምጡ። ምግብም መጠጥም ከጭንዎ ይውረድ። ጨዋታው ከአንድ ውርወራ እስከሚቀጥለው ድረስ ፋታ አለው፤ መልእክትዎን ያኔ ይጻፉ።

ኳሷ ወደ ላይ ተመትታ ቀስ ብላ የምትወርድ ከሆነ፣ ያኔ ይሞክሯት። ከወገብ በላይ ለምትመጣው ጣቶችዎ ወደ ላይ፣ ከወገብ በታች ለምትመጣው ወደ ታች ይዙሩ። መዳፍዎ ላይ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ እንድትገባ ያድርጉ። ስትገባም እጅዎን ከእሷ ጋር ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ። ኳሷ ለመቆም ረዘም ያለ ጊዜ ባገኘች ቁጥር ምቷ ይቀንሳል። ባዶው እጅዎ ኳሷ ከገባች በኋላ ይክደናት እንጂ ቀድሟት አይውጣ። ጣት የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው።

በቀጥታ እየተምዘገዘገች ከመጣች ግን መያዝ ይቅርብዎ። ጓንቱን ፊትዎ ላይ ያድርጉ፣ አንገትዎን ይድፉ፣ ዝቅ ይበሉ። አጠገብዎ ልጅ ካለ ጓንቱን በእሱ ፊት ያድርጉት።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፤ ጓንቱ ከአጥሩ ወደ ሜዳው አይውጣ። ተመልካች እጁን ወደ ሜዳ ዘርግቶ ኳስ ከነካ ዳኛው መቺው ተራው አብቅቶ ወጥቷል ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1996 በያንኪ ስታዲየም አንድ የ12 ዓመት ልጅ ጓንቱን ከአጥሩ በላይ ዘርግቶ የኒው ዮርክ ያንኪዎች ተጫዋች ዴሪክ ጂተር የመታትን ኳስ ወደ ተመልካቹ ሳባት። ዳኛው ሳያይ ቀርቶ ሆም ራን (ኳሷ ከአጥሩ በላይ አልፋ ነጥብ የሚያስገኝ ምት) ብሎ ቆጠረው። ያንኪዎች አቻ ሆኑ፤ በኋላም አሸነፉ። የተጋጣሚያቸው የባልቲሞር ደጋፊዎች እስከ ዛሬ አልረሱትም።

ከአጥሩ ወዲህ የያዟት ኳስ ግን በአሜሪካ ልማድ የእርስዎ ናት። እ.ኤ.አ. በ1921 ኒው ዮርክ፣ ፖሎ ግራውንድስ ውስጥ አንድ ተመልካች ኳሷን አልመልስም ብሎ ተባረረ። ከሰሰና 100 ዶላር ተፈረደለት።

ቤት ሲመለሱ ጓንቱን ጠርገው አየር በሚያገኝበት ቦታ ያኑሩት። ሌላ ዕቃ አይጫንበት። ቅርጹን እንዲጠብቅ ኪሱ ውስጥ ኳስ ይተዉበት፤ ከተሳካልዎ የያዟትን፣ ካልሆነም የገዟትን።