ኩባንያው ደህና ነው፣ አክሲዮኑን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም

አነስ ያለ ኩባንያ ይዛችሁ አክሲዮን ገበያ ከገባችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሽያጭ አድጓል፣ ትርፍም አለ፣ የአክሲዮኑ ዋጋ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ያኔ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «ማስታወቂያ እናብዛ» ነው። እኔ እሱን ተዉት እላለሁ። ምልክቱ ምን እንደሆነ ለይታችሁ ምክንያቱን ፈልጉ።

ምልክት፦ ትልልቅ ፈንዶች (የሰዎችን ገንዘብ ሰብስበው አክሲዮን የሚገዙ ድርጅቶች) «ጥሩ ኩባንያ ነው» ይሏችኋል፣ ግን አንዳቸውም አይገዙም

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የእናንተ ገለጻ አይደለም፣ ሒሳቡ ነው። 1 ቢሊዮን ዶላር የሚያስተዳድር ፈንድ 2 በመቶውን እናንተ ላይ ላውል ቢል 20 ሚሊዮን ዶላር ነው። አክሲዮናችሁ በቀን የሚገበያየው 200 ሺህ ዶላር ቢሆንና ፈንዱ ዋጋውን እንዳያንረው የዕለቱን አንድ አምስተኛ ብቻ ቢገዛ፣ ገዝቶ ለመጨረስ 500 የግብይት ቀን ይፈጅበታል። ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው። መውጣት ሲፈልግም እንደዚያው። የፈንዱ ሥራ አስኪያጅ ቢወዳችሁ እንኳ መግዛት አይችልም።

30 ሚሊዮን ዶላር የሚያስተዳድረው ግን በዚያው ስሌት 600 ሺህ ዶላሩን በ15 ቀን ይጨርሳል። የእናንተ ሰው እሱ ነው። ስለዚህ የእናንተን የሚመስሉ ኩባንያዎችን እነማን እንደያዙ እዩና ሠላሳ አርባ ስም ዝርዝር አውጡ። አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አክሲዮን የሚያስተዳድሩ ተቋማት ሩብ ዓመቱ ባለቀ በ45 ቀን ውስጥ የያዙትን ይፋ ያደርጋሉ። ልብ በሉ፣ ለእናንተ የሚመጥኑት ትንንሾቹ ከዚህ መስመር በታች ስለሆኑ እዚያ ላይ ላይታዩ ይችላሉ። እነሱን ለማግኘት የራሳችሁን የባለአክሲዮኖች መዝገብ አገላብጡ፣ ብሮከሮችን (አክሲዮን የሚያገበያዩ ደላሎችን) ጠይቁ፣ የአነስተኛ ኩባንያዎች ኮንፈረንስ ላይ ተገኙ። አድካሚ ነው፣ ግን ከዚህ የበለጠ ውጤት ያለው ሥራ አላውቅም።

ምልክት፦ ስለ እናንተ የሚጽፍ ተንታኝ የለም

የብሮከር ድርጅቶች ገቢ ከግብይት ነው፤ ግብይቱ ትንሽ ከሆነ የተንታኙን ደመወዝ አይሸፍንም። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ የጥናት ክፍያን ከግብይት ኮሚሽን ለየው፤ ጥናት የፈለገ ለብቻው ይክፈል ማለት ነው። ትንንሾቹን የሚያጠናቸው ያጣሉ የሚለው ሥጋት ቀላል ስላልነበረ የአውሮፓ ኅብረት ራሱ በ2021 የገበያ ዋጋቸው ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በታች ለሆኑ ኩባንያዎች ደንቡን አላላው።

እና ተንታኝ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ሥራውን አቅልሉለት። የአምስት ዓመት ቁጥሮችን ሊሠራበት በሚችል ኤክሴል አስቀምጡ። ገቢው ከየትኛው ዘርፍ እንደሚመጣ፣ ወጪው የት እንደሚሄድ በሁለት ገጽ ጻፉ። ከፍላችሁ ጥናት ማሠራትም ይቻላል፣ ክፍያው እዚያው ጥናቱ ላይ በግልጽ እስከተጻፈ ድረስ። «ዋጋውን አስነሳላችኋለሁ» የሚላችሁን ግን በሩን አሳዩት። እንዲህ ያለ ሰው የሚያመጣላችሁ ገዢ በሳምንቱ ይሸጣል፣ ለእናንተ የሚቀረው ደግሞ የተቆጣጣሪው ደብዳቤ ሊሆን ይችላል።

ምልክት፦ ጥሩ ውጤት አወጣችሁ፣ ዋጋው ወረደ

ባለፈው ሩብ ዓመት የተናገራችሁትን መልሳችሁ አንብቡ። ምናልባት ከዚህም የበለጠ እንዲጠበቅ አድርጋችኋል። ትንበያ ስትሰጡ አንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ በሉ። ሁለት ወይም ሦስት መለኪያ ምረጡና በየሩብ ዓመቱ እነሱኑ አሳዩ። አንዱን ማቆም ካለባችሁ ለምን እንዳቆማችሁ ንገሩ፤ ዝም ብሎ የጠፋ ቁጥር ከመጥፎ ቁጥር የባሰ ያስጠረጥራል።

ምልክት፦ መጥፎ ወሬ ሲመጣ የቆዩት ባለአክሲዮኖች ሳይቀሩ ይሸሻሉ

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ወሬው ሳይሆን መሰወራችሁ ነው። ደስ ሲላችሁ ስልክ የምታነሱ፣ ሲከፋችሁ የምትጠፉ ከሆነ ሰው ዝምታችሁን ራሱን እንደ መጥፎ ዜና ማንበብ ይጀምራል። ችግሩን ቶሎ አውጡት፣ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚያስከፍል፣ መቼ አዲስ ነገር እንደምትናገሩ ጻፉ፣ በተባለው ቀንም ተገኙ፣ አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ። ያ ቀጠሮ መከበሩ ብዙ ሰው ያቆያል።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። የተጨነቀ ትልቅ ባለአክሲዮን ሲደውል ለማረጋጋት ብላችሁ ገና ይፋ ያልሆነ ነገር ሹክ ልትሉት ትችላላችሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሜሪካ ከ2000 ጀምሮ ዋጋን የሚነካ መረጃ ለአንድ ባለሀብት ለይቶ መናገርን ከልክላለች፣ ሳይታሰብ ካመለጠም በፍጥነት ለሁሉም ይፋ መደረግ አለበት። ስብሰባ ሁለት ሆናችሁ ግቡ፣ አንዳችሁ ማስታወሻ ያዙ።

ምልክት፦ ዓመት ሙሉ ሠርታችሁ «ምን ተለወጠ?» ስትባሉ መልስ የላችሁም

የምትለኩት ዋጋውን ብቻ ስለሆነ ነው። ዋጋ በወለድ ምጣኔም በገበያው ስሜትም ይዋዥቃል፣ እናንተ አታዙትም። በምትኩ ሦስት ነገር መዝግቡ፦ የዕለት ግብይቱ መጠን፣ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት፣ ከዝርዝራችሁ ውስጥ ለሁለተኛ ስብሰባ የተመለሱት ሰዎች ብዛት። ሦስተኛው ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። እሱ ከፍ እያለ ግብይቱ ካልተከተለ፣ ለገበያ ክፍት የሆነው አክሲዮን ራሱ ትንሽ መሆን አለመሆኑን ከመሥራቾቹና ከቦርዱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።