ልጅዎ አፉን አልፈታም? ሐዋሳ ላይ የመስማት ምርመራ እንዲህ ያስደርጉለት

ልጅ አፉን ሳይፈታ ሲቆይ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» የሚል አለ። «እንጥሉን አስቆርጡት» የሚልም አይጠፋም። እንጥል መቁረጥ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ ንግግር አያመጣም። ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ ወይም ሁለት ዓመት ሆኖት «እማ ነይ» ብሎ ሁለት ቃል ካላገጣጠመ፣ ቀድሞ መታየት ያለበት ጆሮው ነው። ያልሰማውን ከየት አምጥቶ ይናገር?

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በጤና መድን የሚታከሙ ከሆነ ሪፈር ወረቀት ያስፈልግዎታል። ከዚያ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ካርድ አውጥተው የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይቀርባሉ። ለልጁ ዕድሜ የሚሆነው ምርመራ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ፤ አንዳንዱ አዲስ አበባ ሊያስኬድ ይችላል።

ከቤት ሲወጡ ጆሮውን በክብሪት እንጨት አይጎርጉሩ፣ ዘይትም አይጨምሩ። ኩክ ካለ ሐኪሙ ያወጣዋል። አንዳንዴ መስማት የከለከለው እሱ ብቻ ይሆናል።

ለሕፃን የሚደረገው ምርመራ ፀጥታ ይፈልጋል። አንደኛው መሣሪያ ጆሮው ውስጥ ድምፅ ልኮ የውስጥ ጆሮ የሚመልሰውን ቀጭን ድምፅ ይለቅማል። ሌላው ጭንቅላቱ ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች ነርቩን ይለካል፤ ለዚህኛው ልጁ ቢተኛ ይመረጣል። ስለዚህ ባጃጅ ላይ እንቅልፉን እንዳይጨርስ።

ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ደግሞ በጨዋታ ይመረመራል። ማዳመጫ ይደረግለታል፤ «ጢጥ» ሲል በሰማ ቁጥር አንድ ነገር ዕቃ ውስጥ ይጥላል። ቤት ውስጥ በቆርኪና በኩባያ ያለማምዱት። እርስዎ ከጀርባው ሆነው «ጢጥ» ይበሉ፣ እሱ ቆርኪውን ይጣል። ሳይሰማ መጣል ከጀመረ ቀስ ይበሉ።

ውጤቱ በግራፍ ይሰጥዎታል። ቀይ ክብ ቀኝ ጆሮ ነው፣ ሰማያዊ ኤክስ ግራ። ምልክቶቹ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ልጁ ለመስማት ከፍ ያለ ድምፅ ይፈልጋል ማለት ነው። ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

የንግግር ባለሙያ ካገኙ (በአገራችን ገና ጥቂት ናቸው) ልጁ የሚሰማቸውን ቋንቋዎች ሁሉ ይንገሩ። ከአያቱ ጋር በሲዳምኛ፣ ከእናቱ ጋር በአማርኛ ከሆነ፣ የሁለቱም ቃላት ይቆጠሩለታል። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። ቤት ሲጫወት የቀረፁት ቪዲዮም ይጠቅማል፤ ክሊኒክ ሲገቡ ዝም የሚሉ ልጆች ብዙ ናቸው።

የመስሚያ መሣሪያ ከታዘዘ፣ ጆሮው ሲያድግ ጆሮው ውስጥ የሚሰካው ክፍል ይላላል፤ መሣሪያው ማፏጨት ሲጀምር ይህን ክፍል ያስቀይሩለት። ባትሪውን ከእጁ ያርቁ። ከዋጠው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።