ጋዝን ከድንጋይ ሥር መቅበር፦ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሠራ ሙከራ

ደጀን ላይ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመሬት በታች ይከማቻል ባልኩ ቁጥር ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ምን ይዞት ይቀመጣል?» ይሉኛል። በሰሌዳ ማስረዳቱ ሲያደክመኝ እንዲህ ማሳየት ጀመርኩ።

አንገቱ የተቆረጠ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ፣ ቀዝቃዛ የፕላስቲክ አምቦ ውሃ፣ የግሉኮስ ቱቦ፣ የታጠበ አሸዋና የሸክላ ጭቃ ያዘጋጁ። ኖራ በውሃ በጥብጠው ያሳድሩና ጠዋት ከላይ የጠራውን ይቅዱ። ዓይን እንዳይነካ።

የቱቦውን ጫፍ በሻሽ ጠቅልለው ጠርሙሱ ሥር ያድርጉና አሸዋ አንድ ጋት ያህል ይሙሉበት። በውሃ ያርሱት፣ አያጥለቅልቁት።

ጭቃው ላይ አይቸኩሉ። እንደ ሊጥ አሽተው፣ በሦስት ጣት ውፍረት፣ ጠርሙሱንና ቱቦውን ዙሪያውን በአውራ ጣት እየተጫኑ ያጣብቁት። መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ጭቃዬ ደረቅ ነበርና ጋዙ ቱቦውን ታክኮ ሽቅብ ወጣ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። በእውነተኛው ማከማቻም በቅጡ ያልተደፈነ የጉድጓድ ዳር አንዱ ዋና ማምለጫ ነው። ከጭቃው በላይ የኖራውን ውሃ በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርገው ያፍስሱ፤ ጋዝ ካመለጠ እንደ ወተት ይነጣል።

የአምቦውን ክዳን በጋለ ሚስማር ይብሱ፣ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ያስገቡና በሻማ ሰም ይድፈኑ። ሙቅ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ያቁሙት፤ እሳት ላይ ግን አይጣዱ። አምቦው እዚህ የአሚንን፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሌላው ጋዝ የሚለየውን ፈሳሽ፣ ቦታ ይዟል። ኖርዌይ፣ ስላይፕነር ከተባለው የባሕር ላይ ጋዝ ማውጫ የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ 9 በመቶ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለበት፤ ለሽያጭ ከ2.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። አሚን ቀዝቀዝ ሲል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይይዘዋል፣ ሲሞቅ ይለቀዋል። (አሚን የሚይዘው በኬሚካል ትስስር ነው፤ አምቦ እንደዚያ አይደለም። ይህንን ሳልነግራቸው አላልፍም።) የተለየውን ጋዝ ከ1996 ጀምሮ፣ በፈረንጅ መሆኑ ነው፣ ከባሕሩ ወለል በታች ከ800 ሜትር በላይ ዘልቀው፣ ጨዋማ ውሃ ባዘለ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ያስገቡታል። እዚያ ጥልቀት ላይ ግፊቱ እንደ ፈሳሽ ጥቅጥቅ ያደርገዋል።

አረፋው አሸዋውን እየሰነጠቀ ሲወጣ፣ ጭቃው ሥር ሲደርስ ቆሞ ወደ ጎን ሲሰራጭ በጠርሙሱ ግድግዳ ይታያል። ጭቃው ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር አምቦውን ከሙቁ ውሃ ያውጡ። አልጄሪያ፣ ኢን ሳላህ የጋዝ ማውጫ ላይም በፈረንጅ 2004 ጋዙን ማስገባት ከተጀመረ በኋላ መሬቱ በሚሊሜትር ሲነሳ በሳተላይት ታየ፤ የክዳን ድንጋዩ (በእኛ ጠርሙስ ጭቃው) ነገር ስላሳሰባቸው በ2011 አቆሙ።

ከሙከራው በኋላ ልጆቹን ዓባይ በረሃ ይዤ እወርዳለሁ። ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም፣ ድልድዩ አካባቢ የአሸዋ ድንጋይ። «የቱ ጎተራ፣ የቱ ክዳን ይሁን?» ብዬ ስጠይቅ አንዷ «ቲቸር፣ ዓባይ ቆርጦታል እኮ! በጎን ይወጣል» አለችኝ።